የፐልፕ ፋብሪካ የኬሚካልና የሙቀት መልሶ ማግኛ ሙያዊ ቃላት፤ የአንድ ረቂቅ መፍቻ ግምገማ

አንድን ሙያዊ ቃል ስንመዝን ብዙውን ጊዜ የምናነሣቸው ጥያቄዎች የሥነ ልሳን ጥያቄዎች ናቸው። ቃሉ ከየትኛው ሥር ወጣ? የአማርኛን የቃል ምሥረታ ሥርዓት ጠብቋል ወይ? ለተናጋሪው አፍ ይመቻል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ በቂ ግን አይደሉም። ከእነርሱ ቀጥሎ መነሣት የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ቃሉን ይዞ ስለ ሥራው የሚያስብ ሰው ወደ ትክክለኛው መደምደሚያ ይደርሳል ወይስ ወደ ተቃራኒው ይመራል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድን ረቂቅ በዚህ ሚዛን ለመመዘን እንሞክራለን።

ለአስተያየት የቀረበልን ረቂቅ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ መማሪያ ነው። በክራፍት ዘዴ የሚሠሩ የፐልፕ ፋብሪካዎች በኬሚካል መልሶ ማግኛ ክፍላቸው ሙቀትን እንዴት እንደሚቆጥቡ ያስረዳል፤ ከበስተኋላውም የቃላት መፍቻ ተያይዞበታል። ተርጓሚው ትጉህ መሆናቸው ከየገጹ ይታያል። ዐረፍተ ነገራቸው የጠራ ነው፤ ያልገባቸውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ጽፈው የማለፍ ልማድም የለባቸውም። የምንነቅፈው ትጋታቸውን ሳይሆን ከሙያው ይልቅ መዝገበ ቃላቱን ማመናቸውን ነው።

«ይህ ሂደት በሌላ አገር ተወልዶ በሌላ አገር ያደገ ስለሆነ በአማርኛ መሰየሙ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የክራፍት ፋብሪካ ዋና ዋና ክፍሎች ለፐልፕ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ተከታታዩ ማትነኛ በስኳር ፋብሪካ አለ፤ የኖራ እቶን በሲሚንቶና በግንባታ ሥራ አለ፤ ሶዳ አሽና ኮስቲክ ሶዳ በሳሙናና በቆዳ ሥራ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ለፐልፕ ተብሎ የተሳሳተ ቃል በፐልፕ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ሌላው መማሪያ መሻገሩ የማይቀር ነው።

ሀ. የሂደቱ ዙር

ቃላቱን ከመመርመራችን በፊት ነገሩን በአጭሩ እናስቀምጥ። የክራፍት ዘዴ በጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ዳል በ1879 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው፤ ስሙም በጀርመንኛና በስዊድንኛ ብርታት ማለት ሲሆን፣ የሚገኘውን ወረቀት ጥንካሬ ያመለክታል። የእንጨት ስንጣሪ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ሶዲየም ሰልፋይድ ባለበት ነጭ ፈሳሽ ውስጥ በግፊት ይቀቀላል። ጭረቶቹን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ይሟሟል፤ ሴሉሎሱ ፐልፕ ሆኖ ይወጣል። ከእንጨቱ ግማሽ የሚያህለው ግን ከኬሚካሎቹ ጋር በእጥበቱ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ይህ ነው ጥቁሩ ፈሳሽ።

ጥቁሩ ፈሳሽ ውሃው ተንኖ ሲወፍር በቦይለር ውስጥ ይቃጠላል። የእንጨቱ ክፍል ነዶ እንፋሎት ያመነጫል፤ ኬሚካሎቹ ቀልጠው ከእሳቱ ሥር ይወርዳሉ። ቅልጡ ጨው በውሃ ሲሟሟ አረንጓዴ ፈሳሽ ይሆናል። አረንጓዴው በኖራ አማካይነት እንደ ገና ነጭ ፈሳሽ ይሆንና ወደ መቀቀያው ይመለሳል። ኖራውም በእቶን ተተኩሶ ለሌላ ዙር ይዘጋጃል። ጥቁሩን ፈሳሽ አቃጥሎ ኬሚካሉንም እንፋሎቱንም በአንድ ላይ የሚያስገኘውን ቦይለር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ለሥራ ያበቃው ቶምሊንሰን ነው። ዘዴው በዓለም ሊስፋፋ የቻለው በአመዛኙ ከዚህ ወዲህ ነው።

እንግዲህ የሙቀት ቁጠባው ጥያቄ ከዚህ ዙር ውጭ የሚታይ አይደለም። በአንዱ ቦታ የተጨመረ አንድ ባልዲ ውሃ በሌላው ቦታ በእንፋሎት ወይም በነዳጅ ይከፈልበታል። ቃላቱ ይህን ዙር ማሳየት አለባቸው።

ለ. «ውጤት» ወይስ «እርከን»

በረቂቁ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ባለ ስድስት ውጤት አትናኝ» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ «መልቲፕል ኢፌክት» ተብሎ የሚጠራውን መሣሪያ ተርጓሚው ቃል በቃል ወስደውታል። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ኢፌክት» ለሚለው ቃል «ውጤት» የሚል ፍቺ ማግኘት ቀላል ነው። ነገር ግን ስድስት ውጤት ያለው መሣሪያ ምን ማለት ነው? ስድስት ምርት የሚሰጥ ነውን? አንባቢው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ቃሉ በፈረንሳይኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ከ«ውጤት» ሌላ «ሥራ፣ ድርጊት» የሚል ፍቺ አለው። የዚህ መሣሪያ ፈልሳፊ በ1806 እ.ኤ.አ. በኒው ኦርሊንስ የተወለደውና በፓሪስ የተማረው ኖርበርት ሪልዩ ነው፤ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫዎቹን ያገኘው በ1843 እና በ1846 ሲሆን የሠራውም ለሸንኮራ ጭማቂ ነበር። ሐሳቡ እንደሚከተለው ነው። ከመጀመሪያው ጋን የተነነው ውሃ ራሱ እንፋሎት ስለሆነ በከንቱ አይለቀቅም፤ ዝቅ ባለ ግፊት የሚፈላውን ሁለተኛውን ጋን ያሞቃል። የሁለተኛው ሦስተኛውን፣ የሦስተኛው አራተኛውን እያለ ይቀጥላል። ከቦይለር የመጣው እንፋሎት ሙቀት ስድስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ስያሜው የሚናገረው ስለዚህ ስድስት ጊዜ መሥራት ነው።

ቍጥሩን ተመልክተን ፋይዳውን እንገምት። አንድ ቶን ፐልፕ ሲመረት ወደ 1.5 ቶን የሚጠጋ ደረቅ ቁስ በጥቁሩ ፈሳሽ ውስጥ ይወጣል እንበል። ቀጭኑ ፈሳሽ 15 በመቶ ደረቅ ቁስ ካለው ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን ነው፤ ከዚህ ውስጥ 8.5 ቶኑ ውሃ ነው። ፈሳሹ ለማቃጠል 75 በመቶ እንዲደርስ ከተፈለገ ጠቅላላው ወደ 2 ቶን መውረድ አለበት፤ ስለዚህ 8 ቶን ውሃ ይተንናል። በአንድ ጋን ብቻ ቢሠራ ከ8 ቶን የበለጠ እንፋሎት ይጠፋል። በስድስት ጋኖች ተከታታይነት ግን አንድ ቶን እንፋሎት ወደ አምስት ቶን የሚጠጋ ውሃ ስለሚያተን 1.6 ቶን ያህል ይበቃል። ይህን ሁሉ ቁጠባ የያዘው «ኢፌክት» የሚለው አንድ ቃል ነው። «ውጤት» ተብሎ ሲተረጐም ግን ምሥጢሩ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ይቀራል።

እኛ የምናቀርበው «እርከን» የሚለውን ነው። የተራራ እርከን የሠራ ገበሬ የላይኛው መደብ የለቀቀውን ውሃ የታችኛው እንደሚቀበል ያውቃል። በማትነኛውም የላይኛው ጋን የለቀቀውን ሙቀት የታችኛው ይቀበላል። በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «እርከን» ለእጥበትና ለማንጻት ደረጃዎችም ያገለግላል የሚል ነው። ለእነዚያ «ደረጃ» የሚለው በቂ ስለሆነ «እርከን»ን ለማትነኛው ብቻ መለየት ይቻላል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ ይኸውም እንፋሎቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ፈሳሹ በአብዛኛው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚጓዝ፣ «እርከን» የፈሳሹን ጉዞ አያሳይም የሚል ነው። እውነት ነው። ግን ስያሜ ብያኔን አይተካም፤ ስያሜው ዋናውን ነገር ከያዘ የቀረውን ብያኔው ይሞላዋል። ዋናው ነገር ደግሞ የሙቀቱ ቅብብሎሽ ነው።

«አትናኝ» የሚለውንም «ማትነኛ» ብንለው እንመርጣለን። ከ«መዘነ» «መመዘኛ» እንደ ወጣ ሁሉ ከ«አተነነ» «ማትነኛ» ይወጣል። «አትናኝ» የአድራጊ ስም ስለሆነ ሰውን ያስመስላል፤ የመሣሪያ ስም ግን በአማርኛ የራሱ ቅርጽ አለው። በስኳር ፋብሪካ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች ለሚያውቁት መሣሪያ ሌላ ስም መፍጠርም አይገባም፤ «ባለ ስድስት እርከን ማትነኛ» ለወንጂም ለመተሐራም ይሠራል።

ሐ. «ቅልጥፍና» እና «ብቃት»

ረቂቁ የእንግሊዝኛውን «ኤፊሸንሲ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ቅልጥፍና» ይለዋል። በዚህ ረገድ ተርጓሚውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። እኛም ቀደም ሲል በተሳተፍንበት የቃላት ውይይት ይህንኑ ቃል ደግፈን ነበር። ዛሬ ግን ሐሳባችንን ለውጠናል፤ ያስለወጠንም ይኸው ረቂቅ ነው።

«ቀለጠፈ» ፈጠነ፣ ሳይንዛዛ ሠራ ማለት ነው። ቀልጣፋ ጸሐፊ ቶሎ የሚጨርስ ነው፤ ቀልጣፋ አገልግሎት ሰልፍ የማያበዛ ነው። ቃሉ ለቢሮ ሥራ መልካም ነው። ወደ ቦይለር ስናመጣው ግን ተቃራኒውን ይናገራል። በቦይለሩ ውስጥ ከተሠራለት ልክ በላይ ጥቁር ፈሳሽ ቢጨመር ምን ይሆናል? የጭሱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ጭሱ ያልነደዱና በከፊል የቀለጡ ቅንጣቶችን እየጠረገ ወደ ላይ ይወስዳል፤ ቅንጣቶቹ በእንፋሎቱ ቱቦዎች ላይ ይጣበቃሉ፤ ቱቦዎቹ ሙቀት መቀበል ያቅታቸዋል፤ ጭሱም ሙቀቱን ይዞ በጢስ ማውጫው ይወጣል። ውሎ አድሮ መተላለፊያው ተደፍኖ ቦይለሩ ለእጥበት መቆም ይኖርበታል። እንግዲህ ቦይለሩ «በቀለጠፈ» መጠን የሚያባክነው ሙቀት ይጨምራል። «የቦይለሩን ቅልጥፍና ማሻሻል» የሚለውን ምዕራፍ ያነበበ ተማሪ «ፍጠን» ተብሎ እንደ ተነገረው ቢረዳ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ «ብቃት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ይህም ከገባው ውስጥ ለታሰበለት ሥራ የዋለው ስንት እጅ ነው ለማለት ያገለግላል። ሆኖም ብቻውን መቆም የለበትም። በዚህ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ብቃቶች አሉ። የሙቀት ብቃት ከነዳጁ ሙቀት ስንቱ ወደ እንፋሎት እንደ ገባ ይነግረናል። የሪዳክሽን ብቃት በቅልጡ ጨው ውስጥ ካለው ሰልፈር ስንቱ ሰልፋይድ እንደ ሆነ ይነግረናል። የኮስቲክ ብቃት ደግሞ ከሶዲየም ካርቦኔቱ ስንቱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንደ ሆነ ያሳያል፤ ይህ በኬሚካላዊ ሚዛን የተገደበ ስለሆነ መቶ በመቶ እንዲሆን አይጠበቅም፤ በተግባር ከ80 እስከ 85 በመቶ አካባቢ ነው። ረቂቁ ሦስቱንም በደፈናው «ቅልጥፍና» ስላላቸው፣ በአንድ ገጽ ላይ 82 እና 95 የሚሉ ቍጥሮችን ያየ አንባቢ የትኛው የምን እንደሆነ ሊለይ አይችልም።

ከእነዚህ የተለየ አራተኛ ነገር አለ። አንድ ቶን እንፋሎት ስንት ቶን ውሃ እንዳተነ የሚለካው መጠን በረቂቁ «የእንፋሎት ኢኮኖሚ» ተብሏል። ይህ ቃል ለአማርኛ አንባቢ የንግድና የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚመስለው። «ብቃት» እንዳንለው ደግሞ ልኩ አምስትና ስድስት ስለሚደርስ፣ አምስት መቶ በመቶ የሚሆን ብቃት ደግሞ የለም። «የእንፋሎት ቆጣቢነት» ብንለው ይስማማል።

መ. «ማገገሚያ» እና «አረቄ»

«ሪከቨሪ ቦይለር» የሚለው በረቂቁ «ማገገሚያ ቦይለር» ሆኗል። «ሪከቨሪ» ለበሽተኛም ለዕቃም የሚነገር ቃል ስለሆነ ተርጓሚው የበሽተኛውን መርጠዋል። በአማርኛ ግን የሚያገግመው ሕመምተኛ ነው፤ ማገገሚያም የሚገባው ለእርሱ ነው። «ማስመለሻ» የሚለውን አስበንበት ነበር፤ ንብረቱን ለማስመለስ የሚከራከር ሰው ቃሉን ያውቀዋልና። ነገር ግን «አስመለሰው» ሲባል ሌላ ነገር ወደ አእምሮ ስለሚመጣ ለፋብሪካ ክፍል ስም አይሆንም።

የሌሎች አገሮችን ስያሜ መመልከት ይጠቅማል። ፊንላንዳውያን «ሶዳካቲላ»፣ ስዊድናውያን «ሶዳፓና» ይሉታል፤ ሁለቱም የሶዳ ቦይለር ማለት ናቸው። ስሙን ያወጡት ከሚገኘው ጨው ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በበኩላቸው ከድርጊቱ፣ ማለትም መልሶ ከማግኘቱ ተነሥተዋል። በአማርኛ «የሶዳ ቦይለር» ቢባል አጭርነቱ ይማርካል፤ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው ሶዳ አሽም በቅልጡ ጨው ውስጥ በብዛት የሚገኘው ያው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ግን ስሙ ኬሚካሉን ብቻ ይዞ ሙቀቱን ይተወዋል። የመማሪያው ርእሰ ጉዳይ የሙቀት ቁጠባ ሆኖ ሳለ ሙቀቱን የማያካትት ስም መምረጥ ተገቢ ስላልመሰለን «መልሶ ማግኛ ቦይለር» የሚለውን እናቀርባለን፤ መልሶ የሚገኘው ኬሚካሉም ሙቀቱም ነውና።

«ብላክ ሊከር» የተተረጐመበት መንገድ ደግሞ በሁለት ስም ይንከራተታል። በአንድ ስፍራ «ጥቁር አረቄ»፣ በሌላ ስፍራ «ቆሻሻ ፈሳሽ» ይላል። የመጀመሪያው ፈገግ የሚያሰኝ ስለሆነ አራሚ ያወጣዋል፤ ብዙ አያሳስበንም። የሚያሳስበን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ትክክል ስለሚመስል ማንም አያርመውም። ይህ ፈሳሽ ቆሻሻ አይደለም። ከደረቅ ቁሱ አንዱ ኪሎግራም ሲቃጠል ከ13 እስከ 15 ሜጋጁል የሚደርስ ሙቀት ይሰጣል፤ የፋብሪካው ዋና ነዳጅ እርሱ ነው። በፊንላንድ አኔኮስኪ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ እንዲያመርት የተሠራው የሜትሳ ፋብሪካ ያለ ከሰልና ያለ ነዳጅ ዘይት እንዲሠራ ታስቦ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከሚያስፈልገው በላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን የሚያስችለው በዋናነት ጥቁሩ ፈሳሽ ነው። «ቆሻሻ» ያልነውን ነገር ተማሪው እንዲቆጥበው እንዴት እንጠይቀዋለን?

ጀርመኖች «ሽቫርትስላውገ»፣ ስዊድናውያን «ስቫርትሉት»፣ ፊንላንዳውያን «ሙስታሊፔአ» ይላሉ፤ በሦስቱም ቋንቋ የኋለኛው ክፍል ከአመድ የሚወጣውን የሚያቃጥል የሶዳ ውሃ የሚያመለክት ነው። በአማርኛ ለሦስቱም ቀለማት የሚስማማ እንዲህ ያለ አንድ ቃል አላገኘንም። «አተላ» ለነጩ አይሆንም፤ ከዚያም በላይ የንቀት ቃል ነው። «ድፍድፍ» ደግሞ ለነዳጅ ዘይት ተይዟል። ስለዚህ «ነጭ ፈሳሽ»፣ «አረንጓዴ ፈሳሽ»፣ «ጥቁር ፈሳሽ» ማለቱ ይበቃል።

ስለ ቅጽሎቹ አንድ ነገር እንጨምር። ረቂቁ «ደካማ ጥቁር ፈሳሽ» እና «ኃይለኛ ጥቁር ፈሳሽ» ይላል። ወጥ የሠራች ሴት ሁሉ ግን ትክክለኛውን ቃል ታውቃለች፤ ወጥ ወይ ይቀጥናል ወይ ይወፍራል። «ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ» እና «ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ» ቢባል ውሃው በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ያለ ማብራሪያ ይታወቃል። ወፍራሙ ከ65 በመቶ ወደ 80 በመቶ ደረቅ ቁስ ቢደርስ፣ በእያንዳንዱ ቶን ፐልፕ ከ400 ኪሎግራም በላይ የሚሆን ውሃ ከእሳቱ ውስጥ ሳይሆን ከማትነኛው ይወጣል። ውሃው መውጣቱ በሁለቱም መንገድ አይቀርም፤ ልዩነቱ በእሳቱ ውስጥ ሲተን ሙቀቱ ከጭሱ ጋር መጥፋቱ፣ በማትነኛው ሲተን ግን በየእርከኑ መሥራቱ ነው።

እዚህ ላይ የሰው ሕይወትም አለበት። በሰሜን አሜሪካ የደኅንነት መመሪያ መሠረት ደረቅ ቁሱ ከ58 በመቶ በታች የሆነ ጥቁር ፈሳሽ ወደ ቦይለሩ እንዳይረጭ ይከለከላል፤ ውሃ ከቅልጡ ጨው ጋር ሲገናኝ ከባድ ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላልና። ረቂቁ ይህንኑ ልክ አንድ ጊዜ «ጠጣር»፣ አንድ ጊዜ «ደረቅነት»፣ አንድ ጊዜ «ጥንካሬ» ይለዋል። አብዛኛው ቁስ ሟሙቶ ያለ ስለሆነ «ጠጣር» አይደለም፤ ፈሳሹም አልደረቀም። «የደረቅ ቁስ መጠን» ብሎ በአንድ ስም መጽናት ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለው ቦታ ተመሳሳይ ቃላትን ማፈራረቅ አደጋ ነው።

ሠ. ሦስቱ ኖራዎች

በረቂቁ ውስጥ እንዲህ የሚል ሐሳብ የያዘ ዐረፍተ ነገር አለ፦ ኖራው ከኖራ ተለይቶ በእቶን ሲቃጠል እንደ ገና ኖራ ይሆናል። ተርጓሚው አልቀለዱም፤ አማርኛ ሦስቱንም በአንድ ስም ስለሚጠራቸው ነው። በኬሚስትሪ ግን ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ካልሲየም ካርቦኔት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ የኖራው ዙርም የአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ነው።

እኛ «የተተኮሰ ኖራ»፣ «ውሃ የጠጣ ኖራ» እና «የኖራ ጭቃ» ብለን እንለያቸዋለን። ሸክላ እንደሚተኮስ ኖራም ይተኮሳል። ውሃ ሲጨመርበት ሙቀት እየሰጠ ይጠጣል። ከአረንጓዴው ፈሳሽ ጋር ተዋሕዶ ነጩን ፈሳሽ ካስገኘ በኋላ ከሥር የሚዘቅጠው ደግሞ የኖራ ጭቃ ነው። ይህን መለየት ለሙቀት ቁጠባው አስፈላጊ የሚሆነው እቶኑ በአብዛኛው ፋብሪካ ከውጭ የሚገዛ ዘይት ወይም ጋዝ ሲጠቀም የኖረ የዙሩ ክፍል በመሆኑ ነው። የኖራው ጭቃ ወደ እቶን ሲገባ የያዘው ውሃ በሙሉ በዚያ በተገዛ ነዳጅ ይተናል፤ ስለዚህ ከመግባቱ በፊት በማጣሪያ በደንብ መጠለል አለበት። «ኖራውን አድርቁ» የሚል መመሪያ የደረሰው ሠራተኛ የትኛውን ኖራ እንደሚያደርቅ ማወቅ አለበት።

ረ. «ቅነሳ»፣ «የሞተ ጭነት» እና «ጥቀርሻ»

በቦይለሩ ታች ሰልፌት ኦክስጅኑን ለካርቦን ለቅቆ ሰልፋይድ ይሆናል። እንግሊዝኛው ይህን «ሪዳክሽን» ይለዋል፤ ረቂቁም «ቅነሳ» ብሎታል። «የቅነሳ ቅልጥፍና 95 በመቶ ነው» የሚለውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር በ95 በመቶ የቀነሰ ይመስለዋል፤ የቀነሰው ምንድን ነው ቢሉት ግን መልስ የለውም። ኬሚስቶች «ሪዳክሽን»ን እንደ ተውሶ ቃል ለምደውታል። እንዳለ ተወስዶ በብያኔው «ኦክስጅን መንጠቅ» ቢባል ይሻላል። እኛ የተውሶ ቃል ወዳጅ አይደለንም፤ ነገር ግን የተሳሳተ የአገር ቃል ከትክክለኛ ተውሶ አይበልጥም።

ሪዳክሽኑ ባልተሟላ ቁጥር ሰልፌቱ ምንም ሳይሠራ ከፈሳሹ ጋር ይዞራል፤ በመቀቀያው አይረዳም፤ በማትነኛው ይሞቃል፤ በቦይለሩ እንደ ገና ይቀልጣል። ይህን ረቂቁ «የሞተ ጭነት» ይለዋል። ሬሳ እንኳ በአማርኛ አንድ ጊዜ ተሸክመውት ይቀበራል፤ ይህ ግን ዘወትር የሚጓዝ ነው። «ሥራ ፈት ጭነት» ቢባል፣ ቤተሰቡ የሚያበላውና ምንም የማይሠራውን ሰው ስለሚያስታውስ አንባቢው ወዲያው ይረዳዋል።

የመጨረሻው ስሕተት የተርጓሚው ሳይሆን የእንግሊዝኛው ነው። በቱቦዎቹ ላይ የሚጣበቀውን በእንፋሎት መጥረግ «ጥቀርሻ መንፋት» ተብሏል፤ እንግሊዝኛውም ቃል በቃል እንዲሁ ይላል። ስሙ የመጣው ከከሰል ቦይለር ነው። በዚህ ቦይለር ግን የሚጣበቀው በአብዛኛው የሶዲየም ሰልፌትና የሶዲየም ካርቦኔት ጨው እንጂ ጥቀርሻ አይደለም። ከምንጩ ጋር አብሮ የመጣን ስሕተት የመውረስ ግዴታ የለብንም፤ «የቱቦ ጠረጋ» ማለት ይበቃል። ጠራጊው ራሱ ቦይለሩ ያመነጨውን እንፋሎት ስለሚበላ፣ የሚጠረገው ምን እንደሆነ ማወቅ መቼና የት እንደሚጠረግ ለመወሰን ይረዳል።

ሰ. ማጠቃለያ

ረቂቁ መልካም ቃላትም አሉት። «ቅልጥ ጨው» ከ«ቅልጥ አለት» ጋር የተዛመደ ውብ ስያሜ ነው፤ «የኖራ እቶን» ምንም እርማት አያስፈልገውም። እነዚህ የተሳኩት ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ ዕቃውን ስላዩት ነው። በሌሎቹም ይህን ማድረግ ይችሉ እንደ ነበር አንጠራጠርም።

እንዲጸድቁ የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፤ በቅንፍ ያለው የረቂቁ ነው።

1. ባለ ስድስት እርከን ማትነኛ (ባለ ስድስት ውጤት አትናኝ)
2. የሙቀት ብቃት፣ የሪዳክሽን ብቃት፣ የኮስቲክ ብቃት (ቅልጥፍና)
3. የእንፋሎት ቆጣቢነት (የእንፋሎት ኢኮኖሚ)
4. መልሶ ማግኛ ቦይለር (ማገገሚያ ቦይለር)
5. ቀጭንና ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ (ደካማና ኃይለኛ አረቄ ወይም ቆሻሻ ፈሳሽ)
6. የደረቅ ቁስ መጠን (ጠጣር፣ ደረቅነት፣ ጥንካሬ)
7. የተተኮሰ ኖራ፣ ውሃ የጠጣ ኖራ፣ የኖራ ጭቃ (ኖራ)
8. ሪዳክሽን (ቅነሳ)
9. ሥራ ፈት ጭነት (የሞተ ጭነት)
10. የቱቦ ጠረጋ (ጥቀርሻ መንፋት)

ከእነዚህ ውስጥ ስለ ሁለተኛው ብዙ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ «ቅልጥፍና» በመማሪያ መጻሕፍትና በመሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ ሥር እየሰደደ ነውና። ስለዚህም ነው መፍቻው ከመታተሙ በፊት ጉዳዩ እንዲታይ የምንጠይቀው። በእጅ የተጻፈ ረቂቅ በአንድ ቀን ይታረማል፤ ታትሞ በተማሪ እጅ የገባ ቃል ግን ከአንድ ትውልድ በኋላም አይሰበሰብም። ቦይለርና ማትነኛ ያንቀሳቀሱ ባለሙያዎች በዝርዝሩ ላይ ሐሳባቸውን ቢሰጡ፣ ስሕተታችንን ለማረም ዝግጁዎች ነን።